የግድግዳው ሚስት

ሰውዬው ሰሞኑን ደግነቱ በዛ። በፊትም ደግ ነበር፤ አሁን ግን ልክ አጣ። ሚስቱ ሻይዋን ግማሹን እንኳ ሳትጠጣ ብርጭቆውን ከፊቷ አንሥቶ ያጥባል። ቴሌቪዥኑን ያጠፋና ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ፣ “እሺ፣ ንገሪኝ፣ ዛሬ እንዴት ዋልሽ?” ይላል፤ ከዚያ አፍ አፏን ያያል። አንድ ቀንማ “ልብስሽ እንዴት ያምራል!” አላት። የለበሰችው የመሥሪያ ቤቷን ዩኒፎርም ነበር። ‘ይሄ ሰው አንድ ያጠፋው ነገር ቢኖር ነው’ ብላ ጠረጠረች። መጠርጠሩንስ ደህና ጠረጠረች፣ ጥፋት ነበር። የማን እንደሆነ ነው የሳተችው።

ሰዎቹን እናስተዋውቃችሁ። ሴትዮዋ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ጉንጩን ይዞ እያቃሰተ ለሚገባ ሁሉ ጥርሷን እያሳየች ስለምትቀበል ባልደረቦቿ ፈገግታ ይሏታል፤ እኛም እንደዚያው እንበላት። ባሏ ፍሪጅ ሠሪ ነው። ደንበኞቹ በረዶ የሚሉት ለሥራው ነው እንጂ ለጠባዩስ ቅጽል ስሙ አይገባውም፤ የሰው ቤት ገብቶ ፍሪጅ ሲፈታ ከልጅ ከአዋቂው ጋር ሲጫወት የሚውል፣ ሞቅ ያለ ሰው ነው።

ፈገግታ ብሎግ አላት። ስትጀምር የጻፈችው ስለ ቤት አያያዝ ነበር፦ የቀለም እድፍ ከሸሚዝ እንዴት እንደሚለቅ፣ የተቃጠለ ድስት በምን እንደሚጸዳ፣ ፍሪጅ ለምን እንደሚሸት። የፍሪጁን እንኳ ቃል በቃል ያስጻፋት ባሏ ነው። አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር እንዲደርሳቸው ኢሜይላቸውን ሰጥተው የተመዘገቡት የክሊኒኩ ሰዎችና የዘመድ ልጆች ነበሩ፤ እነሱም ለይሉኝታ።

ታናሽ እህቷ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። አንድ እሑድ መጥታ ብሎጉን ከላይ እስከ ታች አየችውና ሳቀች።

“እታለም፣ ለመሆኑ ለማን ነው የምትጽፊው?”

“ለሰው ነዋ! ለማን ልጻፍ?”

“ሰው የሚባል ተመዝጋቢ የለም። እስቲ ክሊኒካችሁ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁትን አስቢያቸው። ሁሉም አንድ ናቸው?”

ይሄን እንኳ ፈገግታ ታውቀዋለች። አንዱ ጥርሱን አስነቅሎ እብስ ይላል። አንዱ ዋጋ ጠይቆ ይወጣል። ሌላው ‘ሐኪሙ ምን ያውቃል’ እያለ ከግድግዳው ፖስተር ጋር ይከራከራል። ጥግ ይዞ ቃል ሳይተነፍስ ሁሉን የሚሰማም አይጠፋም። ከሁሉ የሚገርሟት ግን ታክመው ከጨረሱም በኋላ የማይሄዱት ናቸው። አጠገባቸው ለተቀመጠው ሕመማቸውን ሲያወሩ፣ የሱንም ሲሰሙ፣ ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

“በቃ፣ አንቺ የምትፈልጊው እነዚያን የማይሄዱትን ነው” አለች እህቷ። “መላ ፈላጊው እድፉን አስለቅቆ ይሄዳል። ሆድ የባሰው ግን ሆድ የባሰው ሰው ካገኘ የትም አይሄድም፤ ጓደኞቹንም ይጠራል። ተከራካሪዎቹ ግርግር ያመጡልሻል። ዝምተኞቹንም እንዳትንቂያቸው፣ ትንፍሽ ሳይሉ እስከ መጨረሻው የሚያነቡት እነሱ ናቸው። ብቻ ትንሽ ቁስልሽን አሳያቸው።”

“ምን ቁስል አለኝና?”

“ባል የለሽም እንዴ?” አለች እህቷ፣ ሁለቱም ፍርፍር ብለው ሳቁ። ወይ ሳቅ!

በዚያው ሳምንት ፈገግታ አንድ ጽሑፍ አወጣች። ዝናብ እየደበደባት ባሏን ቆማ ስትጠብቅ ውላ፣ ሳይመጣ ቀርቶ ብቻዋን እንደተመለሰች የሚናገር ነው። እውነት ነው፣ አልመጣም። ያልመጣው ግን የጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ተበላሽቶ መድኃኒቱ እንዳይጠፋ ሲሯሯጥ ስለነበረ ነው። ይሄን ተወችው። ባሏንም ‘ግድግዳው’ አለችው፤ ቢያወሩት የማይመልስ ለማለት። ጎርፍ ነው የመጣው! “የኔም ቤት አንድ ግድግዳ አለ” የሚሉ ሴቶች ተግተለተሉ፣ ተመዘገቡ፣ እህት ወንድሞቻቸውን ይዘው መጡ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት? እንደየጠባያቸው ትመግባቸው ጀመር። አልቃሾቹ የግድግዳውን ዝምታ ይወዳሉ፤ ‘ዛሬም እንዴት ዋልሽ አላለኝም’ ብላ ጻፈች። ተከራካሪዎቹ ‘ፍቺው’ እና ‘ቻዪው’ ተባብለው እንዲናጩ፣ የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ የማያነሣ አድርጋ ሣለችው። ይሄን ስትጽፍ በረዶ ጓዳ ውስጥ ዕቃ እያጠበ ያፏጭ ነበር። ፉጨቱ ሲሰማት የኮምፒውተሯን ክዳን ዝቅ ታደርገዋለች፣ ደግሞ ትከፍተዋለች። ማታ ራት ላይ ዓይኑን ማየት እያቃታት መጣ። ‘ስሙን አልጠራሁ፣ ማን ያውቀዋል?’ ትላለች ለራሷ። እፍረቷን ግን ታውቀዋለች፤ እንደ ታመመ ጥርስ ቀን ከሌት ይነዘንዛታል።

አንድ ሰሞን ተመዝጋቢዎቹ ቀዝቀዝ አሉ። እህቷ ደወለችና፣ “ከበድ ያለ ነገር የለሽም?” አለቻት።

ከበድ ያለ ነገር የእናታቸው ሞት ነው። ያኔ እህትየው ለሥራ ሩቅ አገር ሄዳ ነበር፤ እናት የተኙበት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ የነበሩት ታማሚዋ፣ ፈገግታና በረዶ ብቻ ናቸው። በረዶ የአንድ ትልቅ ሆቴል ሥራ ጥሎ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጦ የአማቱን እግር ሲያሽ ዋለ። እግራቸው እየቀዘቀዘ ነበር። “ልጄ፣ ያንተ እጅ ከኔ እግር ይብሳል” ብለው ቀልደውበታል። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ነርስ ሊጠራ ወደ ኮሪደሩ በረረ፤ ነርሷ ቦታዋ አልነበረችም፣ ሮጦ ተመለሰ። በሕይወት ደረሰባቸው። እጃቸውን ይዞ ሸኛቸው፣ ዓይናቸውንም የከደነው እሱ ነው። ፈገግታ እሪ ስትል ደግፎ የያዛትም እሱ ነው።

የጻፈችውስ? እናቷ ሲያጣጥሩ ግድግዳው ስልኩ ጮኸለትና ወጣ፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ ስለ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ዋጋ ሲከራከር እሷ ብቻዋን የእናቷን ዓይን ከደነች። ይሄን ነው የጻፈችው! አሁን ይሄ በጤና ነው? ላከችው፤ ‘ነገ አጠፋዋለሁ’ ብላ። በነጋታው ብሎጉን ስትከፍት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አገኘችው፣ ተመዝጋቢው እጥፍ ድርብ ሆኗል። አላጠፋችውም።

የባሏ ደግነት የበዛው ከዚህ በኋላ ነው። ፈገግታ አልቻለችም፤ አንድ ቅዳሜ ምሳ ቋጥራ ‘ዛሬ አወጣጣዋለሁ’ ብላ ፍሪጅ ወደሚጠግንበት ሱቁ ሄደች። ሱቁ ጠባብ ነው። በር ላይ ጀርባቸውን የሰጡ ፍሪጆች ተደርድረዋል፤ ውስጥ የመዳብ ቱቦ ጥቅልል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የብየዳ ሽታ። በረዶ በአንድ የተገለበጠ ፍሪጅ ላይ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጣት። ምሳውን ከፈተው፣ አልበላም።

“እንኳን መጣሽ። አንድ ነገር ልልሽ ፈልጌ ቤት አልወጣ ብሎኝ ነበር” አላት። “አንዲት ደንበኛዬ ፍሪጇን ስሠራ ስልኳን ይዛ ስታለቅስ አየኋት። ‘ይህቺን ሴት ወንድ ሁሉ ሊያነባት ይገባል’ ብላ ሰጠችኝ። ወረድ ወረድ ስል ያ ስለ ፍሪጅ ሽታ የነገርኩሽ አለ። ያኔ አወቅኩ። ግድግዳው እኔ ነኝ።”

ፈገግታ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

“እንዳትደነግጪ፣ አልተቆጣሁም። ተመዝግቤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሆድሽን ማስባሴን አላውቅም ነበር፤ ሰው የራሱን አያይም መቼም። ለማስተካከል እየሞከርኩ ነው፣ አይተሽ ይሆናል።” ጨርቁን አንሥቶ እጁን ጠረገ፤ እጁ ንጹሕ ነበር። “የእናትሽ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ኮሪደር መውጣቴ ትዝ ይለኛል። ነርስ ልጠራ የወጣሁ ነበር የሚመስለኝ። ዓይናቸውንም እኔ የከደንኩ ይመስለኝ ነበር፤ እዪ የሰው ልጅ ራሱን እንዴት እንደሚያታልል! ያን ቀን የሆቴሉ ሰውዬ አንገቴን ይዞኝ ነበር፣ ደውሎ አንሥቼለት ይሆናል። ለካ ስልክ ሳወራ ነው ያመለጡኝ። እናቴ ነበሩ እኮ፣ ከወለደችኝ ያላነሱ። ይቅር በይኝ።”

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት! ስትጽፍ የፈራችው ቢያውቅ እንዳይጣላት ነበር። ያለውን አንድ ትልቅ ነገር፣ ያን ቀን የሠራውን፣ ከልቡ ፍቃ እንደምታወጣበት አላሰበችም።

“ውሸት ነው!” አለችው፣ ሁለት እጁን ይዛ። “ስማኝ፣ ሁሉም ውሸት ነው። አንተ ነህ የከደንክላት። ነርስ ልትጠራ ነው የወጣኸው፣ ስልክህ ጠፍቶ ነው የዋለው። ሰው እንዲመዘገብልኝ ብዬ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት!”

በረዶ አያት አያትና በሐዘኔታ ፈገግ አለ።

“ተይ እንግዲህ። ስታዝኚልኝ ነው።”

“እናቴ ትሙት...” አለችና ምላሷን ነከሰች። የምትምልባት እናት የለቻትም።

“የብርጭቆውን ዋሽቻለሁ ብትዪኝ እሺ እላለሁ” አላት። “በእናቱ ሞት የሚዋሽ ሰው ግን አለ? ያውም ሰው እንዲመዘገብለት? አንቺ? እኔ አንቺን አላውቅሽም?”

እዚያ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ከነበሩት ከሦስቱ አንዷ ሞታለች፣ አንዷ ውሸታም ናት፣ ሦስተኛው የውሸታሟን አምኖ የራሱን ጥሏል።

ቤት እንደገባች ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ተቀምጣ እውነቱን ጻፈች። ዝናቡን ከነክትባት ፍሪጁ፣ ብርጭቆውን፣ እግር ማሸቱን፣ የእናቷን ቀልድ። ‘ግድግዳው የሚባል ሰው የለም፤ ዋሽቻችኋለሁ፤ ባሌ እንዲህ ያለ ሰው ነው’ አለች። እያለቀሰች ላከችው። ይጥፉ! ሁሉም ይሰረዙ! ይሰድቡኝ! ስድቡ እንዲያውም ቀለል ያደርግልኛል ብላ ጠበቀች።

አልሰደቧትም። አልቃሾቹ፣ “አይዞሽ እህቴ፣ አጠገብሽ ቆሞ እንዳስጻፈሽ ገብቶናል” አሏት። ተከራካሪዎቹ ‘ደርሶባታል፣ አስፈራርቷታል’ በሚለውና ‘ልቧ ራርቶለት ነው’ በሚለው ተፋጁ። ዝምተኞቹም አፍ አወጡ፤ አንዷ ‘እኔም አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ለባሌ ዋሽቼለታለሁ’ ብላ ጻፈች። እህቷ ደወለች፦ “እታለም፣ አንደኛ ነሽ! ይሄን ዘዴ ማን አስተማረሽ? ስንት አዲስ ሰው እንደገባ አየሽ?” ፈገግታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው። ብሎጉን ከነሥሩ ነቅላ ደመሰሰችው፤ የጻፈችው አንድም ቃል አልቀረ። በባሏ ራስ ውስጥ ያለውን ግን በምን ትደምስሰው?

በነጋታው ጠዋት በረዶ የሥራ ዕቃውን አሰናድቶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

“የትናንቱን አንብቤዋለሁ” አላት። “ለኔ ብለሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራስሽን ውሸታም ማድረግ አልነበረብሽም። ጭራሽ መዝጋትሽ ደግሞ ምን ይባላል? ክብሬን ነው ያየሽልኝ፣ ይገባኛል። እኔ ግን ክብር አልፈለግሁም። ‘ይቅር ብዬሃለሁ’ በይኝና ይውጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

“ምንም አላጠፋህም ነው የምልህ!”

“እሱን ተይው። ይቅር ብለሽኛል ወይስ አላልሽኝም?”

ፊቱን አየችው። አላልኩህም ብትለው፣ እስከ ዕድሜ ልኩ እንደ በደለኛ አንገቱን ደፍቶ አብሯት ሊኖር ነው። ብዬሃለሁ ካለች ደግሞ ያልሠራውን በደል በገዛ አፏ ልታጸድቅበት ነው። እሱ ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠብቃታል።

“ይቅር ብዬሃለሁ” አለችው።

በረዶ በረጅሙ ተነፈሰ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ በመዳፉ ጠረገውና፣ “እግዜር ይስጥሽ፣ እግዜር ይስጥሽ” አላት፣ ከልቡ። ከዚያ ዕቃውን አንጠልጥሎ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት።

“እንዳንቺ ያለ ሰው መቼም የለም” ብሏት ወጣ።