አግዳሚው ላይ የጠፋችው

ልብስ ሰፊ ነኝ። መታመሜን ከሐኪሙ ቀድሞ የነገረኝ ቀሚሴ ነው፤ ወገቡን ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ኪኒን በጀመርኩ በአራተኛው ወር ደግሞ ተርትሬ መልሼ አሰፋሁት። ሳሉም ተወኝ። የቀረኝን ሁለት ወር ብቻ ከዋጥኩ ዳንኩ ማለት ነው። የሚያስጨንቀኝ ቲቢ እንደያዘኝ አከራዬ እንዳይሰሙ ነበር፤ እትዬ ፅዳት እንላቸዋለን፣ ተከራይ ባነጠሰ ቁጥር የበሩን እጀታ በበረኪና ያጥባሉ።

የኪኒኑ ሕግ ግልጽ ነው። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ፣ ነርሷ እያየችሽ ትውጫለሽ፣ እሷም ካርድሽ ላይ ምልክት ታደርጋለች። አንድ ጠዋት ብሄድ ነርሷ የለችም፤ ስልጠና ሄዳለች። የመድኃኒቱ ቁምሳጥን ቁልፍስ? ቦርሳዋ ውስጥ። ቦርሳዋስ? እሷው ጋ። የምን ስልጠና ነው ብዬ ብጠይቅ መዝገብ ያዡ ደረቱን ነፍቶ፣ «ከሕክምና የሚጠፉ ታካሚዎችን ስለመመለስ» አለኝ።

እኔ እንኳ አልጠፋሁም። በየቀኑ እየሄድኩ ከመዝገብ ያዡ ፊት ለፊት፣ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። እሱም «ዛሬም አልመጣችም» ይለኛል፣ ነርሷን ማለቱ ነው። በአሥረኛው ቀን ግን ራሱ ጠራኝ።

«እህቴ፣ ጠፍተሻል።»

«ማን? እኔ?»

«አሥር ቀን ሙሉ ምልክት የለሽም። ሰባት ቀን ያለፈው ጠፊ ነው።»

«ታዲያ ትናንት እግርሽን ሰብስቢ ያልከው ማንን ነው?»

«እሱማ አንቺን ነው» አለ፤ ሰውዬው ውሸት አያውቅም። «ግን እኔ የማየው መዝገቡን ነው። ደግሞ አይዞሽ፣ ፈላጊ ቡድን ልከናል።»

«የት?»

«ቤትሽ ነዋ! የጠፋ ሰው ሌላ የት ይፈለጋል?»

ሳንባዬ እስከቻለ ሮጥኩ። ስደርስ መኪናቸው በራችን ላይ ቆሟል። ጀርባው ላይ «ቲቢን እናጥፋ» የሚል ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ግቢው መሃል ተገትረው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «የቲቢ ታካሚዋ የት ገባች?» ይላሉ።

«አለሁ! መጣሁ!» አልኩ እያለከለክሁ።

ደስታቸው ለጉድ ነው። «ተገኝታለች» ብለው ጻፉ፣ አስፈረሙኝ። ኪኒን ይዛችኋል ወይ ብላቸው የእኛ ሥራ መፈለግ ነው ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

እትዬ ፅዳት በረኪናቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ እኔ እንኳ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ከጀመረ ዕቃ መሸከፍ ነው። በዚያው ቀን የስፌት መኪናዬን በጋሪ ጭኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ከልቅሶው ግን ንዴቱ ይብስ ነበር። ቲቢን እናጥፋ ብለው ተነስተው ያጠፉት እኔን ነው። ከከተማው ዳር ታላቅ እህቴ ቤት ተጠጋሁ፤ እሷ፣ ባሏና ልጆቿ፣ እኔ ተጨምሬ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነን እናድራለን።

ነርሷ መመለሷን የሰማሁ ዕለት ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ጤና ጣቢያ ደረስኩ። ፊቷ ወዝቷል። የስልጠናውን ሰርተፍኬት በእጇ ይዛ ግድግዳው ላይ የምትሰቅልበት ምስማር ትፈልጋለች። ስታየኝ ከልቧ ደስ አላት።

«ውይ የኔ እመቤት! ምነው ጠፋሽ?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ትቶኝ የነበረው ሳል ቀደመኝ። እሷም በሰርተፍኬቷ አፍንጫዋን ሸፈነች።