የታጠበው አፈር

ሰፈሩ ከኋላዋ «በረኪና» ይላታል፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው። ልብስ ማጠቢያ ቤቷ በእንፋሎት ተሞልቶ ስለሚውል፣ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ድምፁ ይደርሳል፣ ቀጥሎ ሸሚዙ፣ በመጨረሻ ራሱ። እሷም ከጉሙ ውስጥ ብቅ ትልና ሰውየውን ትታ ኮሌታውን ሰላም ትላለች።

ታናሽ ወንድሟ መርከብ ላይ ሞተር ጠጋኝ ነው። ወደ ባሕር ሊሄድ ሲል አንድ የመስታወት ሣጥን ታቅፎ መጣና ካውያው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ውስጡ ጥቁር አፈር፣ ቁራጭ ግንድ፣ የረገፈ ቅጠልና በጠርሙስ ክዳን የተቀዳ ውሃ አለ። ከግንዱ ሥር መዳፍ የምታክል ጠጉራም ሸረሪት ተቀምጣለች፤ ታራንቱላ። እሱ «እሜቴ» ነው የሚላት።

«ሙቀት ትወዳለች። ያንቺ ቤት ይስማማታል።»

«እኔንስ ይስማማኝ እንደሆነ ጠይቀሃል?»

«ትለምጃታለሽ። አትጮህ፣ አትበደር፣ ልብስ አታቆሽሽ።»

ከዚያ ቅጠሉን በጣቱ ገለጥ አደረገው። ግራጫ፣ ባለብዙ እግር፣ ጀርባቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተደራረበ ትንንሽ ነፍሳት፣ እነዚያ ድንጋይ ሲነሳባቸው ከጨለማ ወደ ጨለማ የሚሮጡት፣ ግንዱ ሥር ገቡ።

«እነዚህ ሠራተኞቼ ናቸው። ከምግቧ የተረፈውን፣ ሻጋታውን፣ ኩሷን ሳይቀር እየበሉ ቤቷን ያጸዳሉ። እሷን አይነኩ፣ እሷም አትነካቸው። አፈር ስሆን እትዬ፣ አፈሩን እንዳትነኪው።»

«እሺ» አለች። ልቧ ግን «ኩሷን» የሚለው ላይ ቀርቷል።

በሁለቱ መሃል አንድ ካፖርት ነበረ። አባታቸው ሲሞት ወንድምየው ካፖርቱን ሳያሳጥብ ደብቆ አስቀመጠው፤ ኮሌታው ውስጥ የአባታቸው ሽታ ነበር። እሷ አገኘችውና በደግነት አጠበችው። ተኩሳም ሰጠችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ዳግመኛ ግን አልለበሰውም። እንግዲህ ሣጥኑ ሁለተኛ ዕድሏ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሦስተኛ እንደማይኖርም ያውቃሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ታገሠች። እንዲያውም በእንፋሎቱ ውስጥ እሜቴን ማየት ወደደች፤ አንዱን እግር አንስታ፣ አስባበት፣ ታስቀምጣለች፣ በእንቅልፍ ልቡ አንሶላ እንደሚዳብስ እጅ። ካውያው ሲተነፍስ መስታወቱ ይደበዝዛል፣ ሸረሪቷ ትጠፋለች፣ ከዚያ ሳትነቃነቅ ሌላ ቦታ ትገኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከሠራተኞቹ አንዱ የፌንጣ እግር እየጎተተ በመስታወቱ ፊት ሲያልፍ አየች።

«እኔ ቤት!»

እሜቴን በጎድጓዳ ሳህን ጋርዳ ወደ ባልዲ አዛወረቻት። አፈሩን ወንፊት ላይ ገልብጣ የፈላ ውሃ ለቀቀችበት። አፈር አጠበች።

እሷ ዘንድ ተቀጥሮ የሚሠራው ልብስ ተኳሽ ካውያውን አቁሞ መጣ። «እትዬ፣ አፈር ስንት ጊዜ ነው የሚለቀለቀው?»

«ውሃው እስኪጠራ።»

«ውሃው ከጠራማ አፈሩ የለም ማለት ነው።»

«ሥራህን ሥራ!»

ሠራተኞቹን ውሃ በላቸው። የተረፈውን አፈር ነጭ አንሶላ ላይ አሰጣችው፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ወልውላ መልሳ ደረደረች፣ እሜቴንም መለሰቻት። ሣጥኑ የሙሽራ ክፍል መሰለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግንዱ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ በቀለ። ጠረገችው፤ ተመልሶ መጣ፣ ዘመዶቹን ይዞ። ሽታውም ከሳሙናው በላይ ሆነ። እሜቴ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥላ መሬት አልረግጥም አለች። ሰፈሩ በጽዳት የሚፈራትን ሴት አንዲት ሣጥን አሸነፈቻት።

መርከቡ አንድ ሩቅ ወደብ ሲጠጋ ስልክ ተደወለ።

«ሠራተኞቼስ?»

«ሥራ ላይ ናቸው።»

«እሷስ?»

«ቆማለች» አለች፤ ይኼኛው እውነት ነበር።

«በይ ደረስኩልሽ፤ ወደ አገር ቤት ዞረናል።»

ጆሮዋ ውስጥ ባሕሩ ቀረ። ባልዲ ልታመጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ከማለቅለቂያው ገንዳ ሥር፣ እግር ውሃ እንዳይነካ የተነጠፈ የእንጨት ርብራብ አለ። በየቀኑ ከላይ ትፈትገዋለች፤ አንስታው ግን አታውቅም። ሐሳብ ይዟት ስትራመድ ጫፉ፣ የሳሙና ውሃ የማይደርሰው የበሰበሰው ጫፍ፣ ከእግሯ ሥር ረገበ። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

ሰፈር ሙሉ ነበሩ። እናቶች፣ ልጆች፣ አያቶች፣ ሁሉም ግራጫ ለብሰው።

«የማን ናችሁ?» አለች፣ ተቀይማ።

ልብስ ተኳሹ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየና «እትዬ፣ ለካ እኔን የቀጠርሽኝ ሠራተኛ እያለሽ ነው?» አላት።

ኮሌታ በምታደርቅበት የስታርች ኩባያ ዛቀቻቸው። እጇ በልማድ ወደ ቧንቧው ሄደ። ቧንቧው ላይ ቆመ። ከዚያ ከነብስባሻቸው፣ ሳይታጠቡ፣ ወደ ሣጥኑ ገለበጠቻቸው።

ጥጡ ቀስ በቀስ ሳሳ፣ ጠፋ። እሜቴ ወረደች። ግን መብላት ተወች፤ መሬቱ ላይ እንደ ስስ አንሶላ ድር አነጠፈችና አንድ ቀን በጀርባዋ ተዘርራ፣ እግሮቿን ወደ ላይ አጥፋ ተገኘች።

ልብስ ተኳሹ ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለና ቆሻሻ ማፈሻውን አመጣ። «ላውጣት? በድን ነው፤ ይሸታል።»

የእትዬ እጅ ክዳኑን ጨብጧል። የሞተን ነገር ማስወገድ፣ መጥረግ፣ ማለቅለቅ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ የምታውቀው የለም። ያኔ ከግራጫዎቹ አንዱ ከቅጠሉ ወጣ። ወደ እሜቴ ሄደ፣ ባንዱ እግሯ ጥግ አለፈ፣ ዞሮ የደረቀች የፌንጣ ክንፍ መቆርጠም ጀመረ። ሌላም መጣ። እሱም ዞረ።

«እነዚህ የሞተ ነው የሚበሉት» አለች በሹክሹክታ። «እሷን አልበሏትም።»

«ጨዋ ሆነው ቢሆንስ?»

«አትንካት አልኩህ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደንበኞች በእንፋሎቱ ውስጥ መጥተው ሄዱ፤ ኮሌታቸውን ሰላም ያለ የለም። ምንም ሳታጸዳ ዋለች። ቀኑ ዘንበል ሲል የሸረሪቷ ደረት እንደ ሸሚዝ ተከፈተ፤ ከውስጡ እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ሌላ እሜቴ አንድ አንድ እግሯን ከእጅጌ እንደሚያወጣ ሰው እየሳበች ወጣች። አሮጌው ልብስ ባዶውን ተኛ።

ወንድሟ ከባሕር ሲመለስ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ሣጥኑ ላይ አጎነበሰ። ግራጫዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«ሠራተኞቹ የኔ አይደሉም።»

«ያንተዎቹን አጥቤአቸዋለሁ። አፈሩንም። እነዚህ የኔ ናቸው፤ ከገንዳው ሥር።»

ቀና ብሎ አላያትም። ክዳኑን ከፍቶ የተጣለውን ቆዳ በሁለት ጣት አነሳው፤ ከነጠጉሩ፣ ከነአቧራው።

«ይኼንንስ?»

«አልነካሁትም።»

ቆዳውን መደርደሪያው ላይ በቀስታ አኖረው። ከዚያ የመርከብ ጃኬቱን አወለቀ፤ የሞተር ዘይትና የጨው ሽታ ቤቱን ሞላው። እጇ በልማድ ተዘረጋ፣ ኮሌታውንም ያዘ።

«ይታጠብ?» አለችው። ጠይቃ አታውቅም።

«ዛሬ እንዲሁ ይደር፣ እትዬ።»

ከነሽታው ሚስማር ላይ ሰቀለችው።