የአቢሶ የምስጋና ቀን

«በጉ ነገ ይታረዳል» አለ ደሳለኝ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ነገ ዲሴምበር አስራ ስድስት ነው። ወንድሜ ይህን ቀን ሳያመሰግን ያለፈበት ዓመት የለም። እሱ ቢሄድም ምስጋናው አይቀርም።»

ሰዎቹ «አሜን» አሉ።

ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ያለው የአቢሶ ግቢ ጠባብ በመሆኑ የድንኳኑ አፍ ከሳሎኑ በር ጋር ገጥሟል። ውስጥ ፍራሽ ላይ ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው ሩሀማ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። አባቷ አቢሶ አርብ ሞቶ ቅዳሜ ተቀበረ፣ ዛሬ እሁድ ነው። በነዚህ ቀናት ከአፏ የወጣ ቃል አልነበረም። ለመጣው ሁሉ ጉንጯን ሰጠች፤ የቀረበላትን ሻይ እስኪቀዘቅዝ ይዛ ተቀመጠች። አሁን ግን ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳችና በሩ ላይ ቆመች።

«አይታረድም» አለች። «በአባባ ለቅሶ ላይ የነጮች ስእለት አይከበርም።»

ደሳለኝ የአቢሶ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከተማው መሃል ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ ሽማግሌ ነው። ሰው ሲናገረው ቶሎ መመለስ ልማዱ አይደለም። ቀስ ብሎ ዞረና አያት።

«አምና በሰው ፊት ተናግረሽ አባትሽን ጣልሽው» አለ። «ዘንድሮ ደግሞ ማንን ልትጥይ ነው?»

ሩሀማ ከተቀመጡት አንዱ «ተው እንጂ» ይለዋል ብላ ጠበቀች። ማንም አላለም። ዘወር ብላ እናቷን ስንዱን አየች። ስንዱ የእጇን መሀረብ እያጠፈች እየዘረጋች ነበር፤ ቀና ሳትል «ግቢና ተቀመጪ» አለቻት።

ገብታ ተቀመጠች። ከጓዳ የሴቶች ሹክሹክታ ይሰማል። የአለምወርቅ የምትባለው ጎረቤታቸው ዳቦ እየቆረሰች፣ ሰውየው ከዚያን ቀን ወዲህ ቀና ብሎ ሄዶ አያውቅም፣ ምላስ አጥንት ይሰብራል ያሉት እውነት ነው ትላለች። ሌላዋ ድምጿን እንድትቀንስ ብትለምናትም አልቀነሰችም።

*

አቢሶ የመጣው ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። እዚያ በየዓመቱ ከመከር በኋላ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ቀን ታደርጋለች። ሰው በቆሎውን፣ ቡላውን፣ ከነነፍሷ ያለች ዶሮውን ይዞ ይመጣል። የዶሮዎቹ ጩኸት የሰባኪውን ድምፅ ሲውጠው አቢሶና ጓደኞቹ ከኋላ ሆነው ይስቁ ነበር። ይህን ለሩሀማ ሲነግራት፣ ስንት ጊዜ ነግሯት እንኳ፣ ዶሮዎቹ ላይ ሲደርስ ይስቃል።

ጀርሚስተን እንደመጣ ከግቢያቸው ጓሮ አንዲት ክፍል ያከራዩት ታኒ ሄስተር የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ነጭ ነበሩ። በዲሴምበር አስራ ስድስት በር አንኳኩተው ኬክ ሰጡት፣ ዛሬ የእግዚአብሔር ቀን ነው አሉት። አባቶቻችን ከብዙ ሠራዊት ጋር ሊገጥሙ ሲሉ፣ ድል ብትሰጠን እኛም ልጆቻችንም ይህን ቀን እንደ ሰንበት ቀድሰን እናመሰግንሃለን፣ ቤትም እንሠራልሃለን ብለው ተሳሉ፤ ሰማቸው። በኋላ መንግሥት የቀኑን ስም ለውጦ የእርቅ ቀን ቢለውም እኔ ግን ስእለቱን አልረሳሁም አሉት። ሠራዊቱ የማን እንደነበር አልነገሩትም። አቢሶም አልጠየቀም። እሱን ያስደነቀው፣ በሰው አገር፣ የመከሩ ምስጋና በናፈቀው ጊዜ፣ አገሩ ራሱ ለእግዚአብሔር የተሳለ ቀን ያለው መሆኑ ነበር።

ከዚያ እንደ ፈረንጆቹ 2008 መጣ። ሜይ ላይ በየሰፈሩ የውጭ ሰው ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል፣ ካትሌሆንግ ሰፈር ያለችው የአቢሶ ስፓዛ፣ ትንሿ ሱቁም፣ ከነዱቄቷ ነደደች። እሱን ያዳኑት ከሱቁ ማዶ የሚኖሩት ዙሉዋ ደንበኛው ማምኪዜ ናቸው። ሦስት ቀን ከአልጋቸው ስር ደበቁት። ዱላ የያዙ ሰዎች ሊጠይቁ ሲመጡ እሳቸው ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው ባቄላ እየለቀሙ፣ እንኳን የውጭ ሰው የራሴም ልጅ ከመጣ ስንት ዘመኑ ብለው መለሷቸው። አቢሶ አልጋው ስር ሆኖ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ በየዓመቱ አንድ ቀን ላንተ ብሎ ተሳለ። ወጣም። ቀን ሲመርጥ ታኒ ሄስተር የነገሩትን መረጠ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዲሴምበር አስራ ስድስት ሱቁን ይዘጋል፣ በግ ያርዳል፣ የአገሩን ልጆች ሰብስቦ ያበላል። ለማምኪዜም በማግስቱ የድርሻቸውን ሥጋ ራሱ ይዞላቸው ይሄዳል።

አምና ሩሀማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የታሪክ ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። አቢሶ አርባ በሚሆኑ ሰዎች ፊት እንደ ልማዱ ቆሞ፣ ይህች አገር ከእግዚአብሔር ጋር ቃል የገባች አገር ናት ብሎ ሲጀምር እሷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ለመናገር አልተዘጋጀችም፤ አፏ ነው የቀደማት።

«አባባ፣ ያ ስእለት እኮ እነሱን ግደልልን የሚል ነው» አለች። «ወንዙ ዳር ከሦስት ሺህ በላይ ዙሉዎች ሞተዋል። ውሃው ቀልቶ የደም ወንዝ ተባለ። ምስጋናው በዚያ ደም ላይ ነው የተሠራው። የደበቁህ ሴትዮ የሟቾቹ ልጅ ናቸው። አንተ ከማን ጋር ሆነህ ነው የምታመሰግነው?»

አቢሶ «ተቀመጪ» ብቻ አላት። ጸሎቱን ጀምሮ መሃል ላይ ጠፋበት፣ ቃሉን ፈለገ፣ አጣው፣ ተቀመጠ። እንግዶቹ ሳይበሉ አንድ በአንድ ወጡ። ደሳለኝ ነው ያኔ፣ በነዚሁ ሰዎች ፊት ይቅርታ ሳትጠይቂ ይህን ደጅ እንዳትረግጪ ያላት። ሩሀማ አባቷ ይከለክለዋል ብላ አባቷን አየች። አቢሶ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። በዚያው ሳምንት ዮቪል ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራየች።

ከዚያ በኋላ ያየችው ባለፈው ረቡዕ ሆስፒታል ነው። ደም ግፊቱ ጥሎት ግማሽ ፊቱ ወርዶ ነበር። ጣቶቿን ይዞ አንድ ነገር ሊላት ሲታገል፣ ራስጌው የተቀመጠው ደሳለኝ አታድክሚው አላት። እሷም እሺ ብላ ወጣች።

*

ሰኞ ጠዋት በጉ ታረደ። ሩሀማ ድምፁን ሰማች። አልተነሳችም። እናቷ የሚበላ አምጥታ ፊቷ አስቀመጠች፤ እሷ ሳትነካው ስትቀር መልሳ አነሳችው።

ረፋድ ላይ ድንኳኑ በር ጋ ጭቅጭቅ ተሰማ። አንዲት ሸምገል ያሉ የአገሬው ሴት፣ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ከታክሲ ወርደው መጥተዋል። በር ላይ ያሉት ሴቶች ሥራ ፈላጊ መስለዋቸው ዛሬ ሥራ የለም፣ ሐዘን ነው ይሏቸዋል። አሮጊቷ በዙሉ፣ ሐዘን መሆኑን ስለማውቅ ነው የመጣሁት ይላሉ። የሚሰማቸው አላገኙም። የአለምወርቅ ዳቦ ሰጥታ ልትሸኛቸው እጃቸውን ይዛለች።

ስንዱ ያኔ ነው ከፍራሹ የተነሳችው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ፈጥና ስትነሳ ሩሀማ አላየቻትም። «ማምኪዜ» ብላ ወጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አስገብታም ከራሷ ጎን አስቀመጠቻቸው። የስንዱ ዙሉ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም፤ የደሳለኝም እንደዚያው። ስለዚህ ሩሀማ መሃል ተቀምጣ ማስተርጎም ጀመረች። ሰውም ማን መጣ ብሎ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ደሳለኝ እጁን ታጥቦ መጣና ከፊታቸው ተቀመጠ። ለተከበሩ እንግዳ ሊነግራቸው ፈልጎ፣ ዛሬ የአቢሶን የምስጋና ቀን እያከበርን ነው በያቸው አላት።

ሩሀማ ነገረቻቸው። ማምኪዜ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

ይህንንማ ትቶታል አሉ።

ሩሀማ አላስተረጎመችም። ምን ማለትዎ ነው ብላ ጠየቀች። አሮጊቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ነገሯት፣ እሷም እየተከተለች ለቤቱ ሰው በአማርኛ አለችው። አምና በማግስቱ አቢሶ ሥጋውን ይዞ መጣ። ግባ ቢሉት አልገባም። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ልጄ ስለዚያ ቀን የተናገረችው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም የአያታቸው አባት እዚያ ወንዝ ዳር እንደቀረ፣ እናታቸው በዚያ ቀን ምድጃ እንደማታነድ ነገሩት። አቢሶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ቀን ያረድኩትን ሳመጣልዎ ለምን ተቀበሉኝ አላቸው።

«ምን አሉት?» አለች ስንዱ።

«እኔ ለነሱ ስእለት የምበላ መሰለህ ወይ አልኩት» አለች ሩሀማ፣ አሮጊቷን እየተከተለች። «አንተ ከአልጋዬ ስር በሕይወት ስለወጣህ ነው የበላሁት አልኩት። እሱም ልጄ እውነቱን በሰው ፊት ነገረችኝ፣ የተቆጣሁት እውነት ስለሆነ ነው አለኝ። ሂድና ይህንኑ ለእሷ ንገራት አልኩት። አባት ነኝ፣ ጊዜ ይፈጅብኛል አለኝ።»

የአሮጊቷን ቃል እየተከተለች ቀጠለች። ዘንድሮ አቢሶ ቀኑን ለውጦ ነበር። ሜይ ላይ፣ ከአልጋው ስር በወጣበት ዕለት፣ ብቻውን በግ ይዞ ካትሌሆንግ ሄደ። እዚያ አርዶ ለማምኪዜና ለጎረቤቶቻቸው አበላ። ስንዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዚያ ቀን ልብሱ ጢስ ጢስ ሲል ጠይቃው፣ የደንበኛ ሠርግ ነበር ብሏት ነበር።

ማምኪዜ አንድ ነገር ጨመሩ። ሩሀማ ወደ አማርኛ አልመለሰችውም። አሮጊቷ የሰማቻቸው ስላልመሰላቸው ደገሙት።

«ምን አሉ?» አለች እናቷ።

«በዚያ ቀን እኔም እንድመጣ ፈልጎ ነበር» አለች ሩሀማ። «እሳቸው ደጅ ላይ ቆሞ ደወለልኝ።»

«እሺ?»

«አላነሳሁም።»

ፈተና ስላለብኝ ነው ልትል ትችል ነበር፤ ፈተናም ነበረባት። ግን ስልኩ ሲጠራ ፈተናውን አልነበረም ያሰበችው። ሦስት ጊዜ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ስሙን እያሳያት ነበር፤ ይቅርታ ጠይቂ ሊለኝ ነው፣ ይጠብቅ ብላ ተወችው።

ደሳለኝ ተነሳ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ለባዕድ የነገረውን ለወንድሙ አልነገረም፣ እኔ ነኝ ይህን ሁሉ ሰው የጠራሁት አለ። ሩሀማን አላያትም፣ አምናና ትናንት ስለተናገራትም ምንም አላለም። ወጥቶ ከድንኳኑ ጀርባ ሥጋው ከተሰቀለበት ጋ ብቻውን ቆመ። በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች መንገድ ለቀውለት፣ ወደ እሱ መሄድም ወደ ውስጥ መግባትም ቸግሯቸው ቀሩ።

ሁሉን ነገር የቆረጠችው ስንዱ ናት። በጉ ታርዷል፣ ሥጋ አይጣልም፣ ለቅሶ ለመጣ ሰው ይቀርባል፤ ከዚያ ሌላ ስም የለውም አለች። ቀጥላም ወደ ልጇ ዞራ፣ ማምኪዜ እንዲጸልዩ ለምኚልኝ አለቻት። ከቅዳሜ ወዲህ ዓይኗን አይታ ስትናገራት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ማምኪዜ የሩሀማን ትከሻ ይዘው ተነሱ። እጃቸውን ከዚያ አላነሱትም። ዓይናቸውን ጨፍነው «ባባ» ብለው ጀመሩ፣ ሩሀማም «አባት ሆይ» እያለች ተከተለቻቸው። ይህን ሰው ከሩቅ አምጥተህ ደጄ ላይ ጣልክልኝ። ልደብቀው ስወስን ፈርቼ ነበር፣ አንተ ታውቃለህ። የቃሉ ሰው ነበር። አሁን ወስደኸዋል፣ ለምን እንደቸኮልክ አልጠይቅህም። ሚስቱን ያዛት። ይህችንም ልጅ።

«ሲያቦንጋ፣ ባባ» አሉ በመጨረሻ።

ይህን ቃል የማያውቅ በቤቱ አልነበረም። እያንዳንዳቸው በየሱቃቸው ከደንበኛ አፍ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ነው፤ ማስተርጎም አያስፈልገውም። እናቷ ግን አሁንም አፍ አፏን ታያት ነበር። ሩሀማ «አባት ሆይ» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው እሱ አልነበረም።

«እናመሰግናለን፣ አባባ» አለች።

ከዚያም የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰችው።