ወንፊት የሰረዘው ፍተሻ

በመሥሪያ ቤቱ አንጋፋውን የኮድ ገምጋሚ «ወንፊት» ይሉታል። የማንም ኮድ በሱ ሳይበጠር ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ቤቱ ወደሚሠራው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት፣ አይገባም። ቅጽል ስሙን ይወደው ነበር፤ እስከዚያ ሰኞ ድረስ።

ሰኞ ዕለት የአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ አቤቱታ መጣ። ዲስኩ ተበላሽቶ ኖሮ ፎቶዎቹ አልተጻፉም፤ ኮምፒውተሩ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ተቀምጧል» አለው። ሰውየውም አምኖ የካሜራውን ካርድ አጸዳ። የሙሽሮቹን ቀን ውሃ በላው።

ጥፋቱ የተገኘው ፋይል በሚጽፈው ክፍል ነው፤ ዲስኩ እንቢ ሲል ስህተቱን የሚያሳውቅ ፍተሻ የለም። ይህን ክፍል የቀየረው ለውጥ ደግሞ በአንዲት ወጣት ፕሮግራመር ስም የገባ ነው።

«ጋሼ፣ አዋረድኩዎት» አለችው ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ። ዓይኗ አብጧል። «እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። አለቃችን ከከርነል ሥራ ላነሳሽ ነው ብሎኛል። እውነቱን ነው።»

አልረሳችም። ጽፋው ነበር። «ዲስክ እዚህ ጋ ምን ሆኖ ይወድቃል፤ ኮድ ማንዛዛት ነው» ብሎ ለውጡን ሲያስገባ በገዛ እጁ የሰረዘው ወንፊት ነው፤ ሳይነግራትም በስሟ አሳለፈው። እንዲህ ያለ ማጽዳት የትልልቅ ገምጋሚዎች ልማድ ነው። እሷም የገባውን ከራሷ ጽሑፍ ጋር አላስተያየችም፤ ወንፊትን ማን ይጠረጥራል?

«አይዞሽ» አላት። ስትሄድ ጀርባዋን ማየት አቃተው።

ከሰዓት በኋላ ማስተካከያውን ራሱ ጻፈ። ምክንያቱን በሚያስረዳው መግለጫ ላይም «ፍተሻውን እሷ ጽፋው ነበር፤ የሰረዝኩት እኔ ነኝ» ሲል አከለ። ፈሪ መላ አያጣም፤ አፉ ያቃተውን ለጣቱ ሰጠ። ከዚያ እንድትገመግመው ለሷው ላከላት። ታነበዋለች፣ ትቆጣለች፣ እሱም ይገላገላል።

ወንበሩን ሳያሞቅ መልሷ መጣ፤ «ጸድቋል»።

ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደ። «አነበብሽው?»

«እርስዎ የጻፉትን ደግሞ እኔ ላርም?» አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሉኝ።»

ኮምፒውተሩም ለፎቶ አንሺው ሳያይ ነበር «ተቀምጧል» ያለው። ወንፊት ማዶ የተቀመጠውን አለቃ በእጁ ጠራው፤ ወንበር ስቦም አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንግዲያው እኔው ላንብብልሽ» አላት፣ መግለጫውን ከፍቶ። «እሱም ይስማ።»