ባዶው ሚስማር

"እትዬ አስካለ፣ ይሄ የተነከሰ ዳቦ ይጣል?"

አዜብ ናት ከኩሽና አንገቷን ብቅ አድርጋ የጠየቀችው፣ የጎረቤት ልጅ። ለቅሶ ደራሹ ያመጣው ወጥ ማስቀመጫ ጠፍቶለት ፍሪዘሩን ልታራግፍ ተነስታ ነው። በእጇ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብ ዳቦ ይዛለች፤ መሀሉ በማኅተም የተወጋጋ፣ ጠርዙ እንደ ትራስ ያበጠ። ከአንድ ጎኑ ላይ የሰው አፍ ገምጦታል።

አስካለማርያም ከፍራሹ ተነሳች። ባሏን ሀይሉን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ካላነሳት የማትነሳው ሴትዮ ኩሽና እንዴት እንደ ደረሰች ያየ የለም። ዳቦውን ከአዜብ እጅ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ማን ንኪው አለሽ?"

"ኧረ እኔ... የቆየ መስሎኝ ነው እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አስካለማርያም ዳቦውን ራሷ ከነበረበት ከበረዶው ሥር መለሰችው፤ በሩንም ዘግታ መዳፏን እላዩ ላይ አሳርፋ ቆየች። ፍሪጁ እምም ይላል። ከቀብሩ ወዲህ ይሄ ድምፅ እንቅልፍ ነስቷታል። አንዳንዴ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ይመስላታል።

ሳሎን ስትመለስ ሹክሹክታው ቀጥ አለ። ቀድሞ ግን ጆሮዋ ገብቷል።

"ለሰውዬው እንባ ያላወጣች ለዳቦ እንዲህ ትሁን?"

"ደንግጣ ነው እቴ። ተያት።"

"ምን ድንጋጤ ነው? እዚያ ሩሲያ የተዋት ሴት ነበረች ይባላል፣ እሱን ሰምታ ይሆናል።"

ሩሲያ አይደለም። ሴትም ስትሉ፣ ሴትስ አለች፤ ዕድሜዋ ዘጠናን ይጠጋል።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ መሳቢያው ውስጥ ስልክ ጠራ። የሀይሉ ስልክ። ልጃቸው ፀደንያ ፎቶዎቹ እንዳይጠፉባት ቻርጅ እያደረገች ያስቀመጠችው ነው። ትናንትም በዚህ ሰዓት ጠርቷል፣ ከትናንት በስቲያም። የሞተ ሰው ስልክ ሲጠራ ቤቱ ሁሉ እንዴት ዝም እንደሚል ብታዩ! አስካለማርያም መሳቢያውን ሳትከፍት ማን እንደሆነ ታውቃለች። ሀይሉ በአማርኛ ፊደል የጻፈው ስም ነው የሚበራው፤ ኦይጆን። በኡዝቤክ እናትዬ ማለት ነው።

"ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ተርን ኢት ኦፍ" አለች ፀደንያ።

"ተይው። ይጩኽ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀይሉ በደርግ ጊዜ ታሽኬንት ሄዶ የመስኖ ምህንድስና ሲማር፣ ባሆዲር የሚባል የክፍል ጓደኛ ነበረው። ባሆዲር የያንጊዩል ልጅ ነው። ያንጊዩል ከታሽኬንት በባቡር አንድ ሰዓት የማትሞላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟም አዲስ መንገድ ማለት ነው። በየሰንበቱ ሀይሉን ይዞት እናቱ ቤት ይሄዳል። እናቲቱም፣ ይቺው ኦይጆን፣ ያንን ከሰው አገር የመጣ ቀጭን ጥቁር ልጅ እንደ ሁለተኛ ወንድ ልጇ አበላችው፣ ካልሲውንም ጣፈችለት።

እዚያ አገር አንድ ልማድ አላቸው። ከቤት ርቆ የሚሄድ ሰው ከዳቦ አንዴ ይነክሳል። የተረፈው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሰውየው ተመልሶ እስኪጨርሰው ድረስ አይነካም። ባሆዲር ወታደር ተብሎ አፍጋኒስታን ሲላክ ነከሰ። ሀይሉም ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ነከሰ። ባሆዲር እንዳይከፈት ተብሎ በታሸገ ሣጥን ተመለሰ። ሀይሉ ደግሞ አገሩ አልገባም፤ በኬንያ አድርጎ በስደት ሜልቦርን ወጣ። መስኖው ቀርቶ ሃያ ሁለት ዓመት ትራም ነዳ። ሁለቱ ዳቦዎች በሁለት ሚስማር ያንጊዩል ቀሩ።

"ዳቦ አለብኝ" ይል ነበር ሀይሉ፣ ነገር በከበደው ቁጥር። አስካለማርያም ቀልድ ይመስላት ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ግን ጡረታ ወጣና ትኬት ቆረጠ፤ እሷንም ይዟት ሄደ። በመንገዱ ዳርና ዳር ውኃ የሚወርድበት ቦይ፣ ቅርንጫፉ ለሐር ትል ቀለብ የተቆረጠ የቱት ዛፍ፣ ሰማያዊ የብረት በር። ኦይጆን በሩ ላይ ሀይሉን አይታ አላለቀሰችም። እጁን ይዛ ቤት አስገባችውና ወደ ግድግዳው ሄዳ፣ አዎ በዚያ ዕድሜዋ በርጩማ ላይ ወጥታ፣ ጨርቅ የለበሰ ዳቦ አወረደች። ድንጋይ ሆኗል። ሻይ ውስጥ ነከረችለት። ሀይሉ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጦ፣ እየነከረ፣ እያለቀሰ፣ ፍርፋሪ ሳያስቀር ጨረሰው። አስካለማርያም ግን ዓይኗ ሌላኛው ሚስማር ላይ ነበር። የባሆዲር ዳቦ የተነከሰበት ጎን ወደ በሩ ዞሮ ተሰቅሏል። አርባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ጥርስ። ቤት ውስጥ የተቀመጡት ሦስት ሳይሆኑ አራት ሰዎች መሰላት።

ሊሄዱ ሲሉ ኦይጆን ትኩስ ዳቦ አምጥታ ሀይሉን አስነከሰችው። ቀሪውን በጨርቅ ጠቅልላ ማዕዱ ላይ አስቀመጠችና ክር ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ አስካለማርያም የጎጃም ልጅ ናት። እንግዳ ሲሸኝ ስንቅ ይቋጠርለታል፤ የተቋጠረልህን ትተህ ከሄድክ ባለቤቲቱን ሰደብካት። ማንም ሳያያት ጥቅሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ባቡሩ ላይ አወጣችው። "እንቁረስ?"

የሀይሉን ፊት እስካሁን ታየዋለች።

"ይሄን... ከየት አመጣሽው?"

"ቋጥራልን የለ እንዴ!"

"አስካል፣ እንውረድ። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደን እንመለስ።"

"አብደሃል? ፕሌኑ ያመልጠናል! ለአንድ ዳቦ?"

ሀይሉ ጥቅሉን ከእጇ ወስዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጥጥ ማሳው ሲያልፍ፣ ጣቢያው ሲያልፍ በመስኮቱ አየ። ኋላ ላይ ፈገግ እንደ ማለት ብሎ "በቃ፣ መመለሻዬን ይዘሽው መጣሽ ማለት ነው" አላት። በአራተኛው ወር፣ በሐምሌ ብርድ፣ ልቡ ቀጥ አለ።

ወንድሙ ከአዲስ አበባ ቪዛ እስኪያገኝ ሬሳው ስምንት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆየ። ሀይሉ ደግሞ ብርድ አይችልም ነበር።

ስልኩ እንደገና ጠራ።

ከወንዶቹ ረድፍ ጸጋዬ ቀና አለ። የሀይሉ የታሽኬንት ጓደኛ ነው፤ ከኬንሲንግተን ሰፈር በየቀኑ በእግሩ እየመጣ ይቀመጣል።

"ጸጋዬ" አለች አስካለማርያም፣ "አንሳውና ንገራት።"

"መርዶ በስልክ? አስካል፣ እንደሱ አይደረግም። ሰው ነው ሄዶ የሚያረዳ።"

"ያንጊዩል ድረስ ማን ይሄዳል? ሦስት ቀን ሙሉ ጠራች። ከዚህ በላይ አልችልም።"

ጸጋዬ ተነሳ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ፤ ለስልክም ቢሆን። ቁልፉን ሲነካው ጥሪው በቪዲዮ ኖሮ መስታወቱ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች አሮጊት፣ የወርቅ ጥርስ ያላት፣ ከጎኗም ሩስታም የሚባል ጎልማሳ የሴት ልጇ ልጅ ታዩ። ጸጋዬ አፉን ከፈተ። ኦይጆን ግን ነጠላውን አየች፣ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች አየች፣ ሀይሉን ፈለገች። ሁለት መዳፏን ለሙት እንደሚጸልይ ሰው ከግንባሯ እስከ አገጯ አወረደች።

"አወቀች" አለ ጸጋዬ በሹክሹክታ።

አስካለማርያም ተጠጋች። "ዳቦውን ንገራት። እኔ ነኝ የወሰድኩት በላት። ስንቅ መስሎኝ ነው። ሚስማሩን ባዶ ያስቀረሁት፣ መመለሻውን የቆረጥኩበት እኔ ነኝ በላት።"

"የምን ዳቦ?"

"አንተ ብቻ በላት!"

ጸጋዬ ሠላሳ ዓመት ያስቀመጠውን ሩስኪ እየፈለገ ተናገረ። ሩስታም ወደ ኡዝቤክ መለሰው። አሮጊቷ ጠየቀች፤ ቃሉ በዚያው መንገድ ተመለሰ።

"ዳቦው አሁን የት ነው? ነው የምትለው።"

"ፍሪዘር ውስጥ። እንዳይበላሽ ብዬ።"

ጸጋዬ ፍሪዘር የሚለው ቃል ጠፋበት፤ "በረዶ ውስጥ" አለ። ሩስታም ሲናገር ኦይጆን በተቀመጠችበት ተወራጨችና ጮኸች። ሴቶቹ ከፍራሹ ቀና አሉ።

"ምን አለች?"

ጸጋዬ ወደ ሩስታም ተመለከተ።

"ንገረኝ! ረገመችኝ?"

"'ልጄን ብርድ ላይ አስቀመጥሽው እንዴ?' ነው ያለችው። 'ቶሎ አውጪው' ትላለች። ደግሞ..." ሩስታምን ድገምልኝ አለው። "ደግሞ ያን ቀን ዳቦውን ድመቷ የወሰደችው መስሏት ገርፋታለች። 'ድመቷን ይቅርታ ልጠይቅ ነው' ትላለች።"

አስካለማርያም ከየት እንደመጣ የማታውቀው ሳቅ አመለጣት። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የሳቅ አልነበረም። አዜብ ሮጣ ልትይዛት ስትል ፀደንያ በእጇ ከለከለቻት። "ሌት ኸር" አለች፣ እሷም እያለቀሰች።

ሲወጣላት፣ አስካለማርያም ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ኩሽና ሄደች። ዳቦውን ከበረዶው አወጣች፤ ላስቲኩን ላጠችለት። ከነጠላዋ ዳር አንዲት ክር መዘዘችና አሰረችው። ከደጁ በር ትይዩ ካለው ሚስማር የሀይሉን የትራም ጃኬት አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፤ በምትኩ ዳቦውን ሰቀለች። ውጭ ትራሙ ደወሉን እየደወለ አለፈ።

ዳቦው በክሩ ላይ ቀስ ብሎ ዞረና ጀርባውን ሰጣት። እሷም በሁለት ጣቷ ይዛ፣ የተነከሰውን ጎን ወደ በሩ መለሰችው።