የምራቅ ምስክር

አቶ ወዳጆ ወገባቸውን ካመማቸው አምስት ዓመት ሆኗል። ከሞላሌ ከተማ የሚያመጡት ኮዴይን የሚባል የሕመም ክኒን ግን ባቄላ ከመቆርጠም አልተሻለም። በመጨረሻ ለጥናት የመጣችው ዶክተር ኮከብ ምራቃቸውን በብልቃጥ ተቀብላ ለምርመራ አዲስ አበባ ላከችው።

ውጤቱ ሲመጣ አስጠራቻቸው። "ይህ ክኒን እርስዎ ሰውነት ውስጥ ወደ ማስታገሻ አይለወጥም። ከእናት ከአባት የወረሱት ነው። ሌላ መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ።"

አቶ ወዳጆ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ በሩ ተበርግዶ፣ እንደሳቸው ምራቁን ሰጥቶ የነበረው ወንዳፈራሁ ገባ። ጓሳ በሚባለው የጋራ መስክ ሣር የማጨድ መብት ያለው የአንድ አባት ዘር ብቻ ነውና፣ ይህ ሰው "እኔም ከወዳጆ ቅድመ አያት እወለዳለሁ" እያለ ሃያ ዓመት ሽማግሌ ፊት አቁሟቸዋል። እሳቸውም ሃያ ዓመት ሙሉ "ዘሬ አይደለም" ብለው ምለዋል።

"አያ ወዳጆ! ያ ክኒን እኔም ላይ አይሠራም ተባልኩ! ይኸው ምራቄ መሰከረ፤ ዘመዳሞች ነን!"

ዶክተሯ "ኧረ ይሄ ዝምድና አያረጋግጥም! ስንቱ ሰው እንዲህ ነው" ብትል ማን ሰምቷት።

አቶ ወዳጆ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። "እኔን የድሮው ክኒን ፈውሶኛል። ሌላ አልፈልግም።"

"አሁን ሲያቃስቱ አልነበር እንዴ?" አለች ዶክተሯ።

"ዳዊት እየደገምኩ ነበር።"

"እስቲ ቀና ይበሉ።"

ሞከሩ። ወገባቸው አልታዘዝ አለ። ወንዳፈራሁ ቀድሞ የታዘዘለትን አዲሱን መድኃኒት በኪሱ ይዞ ቆሞ ያያቸዋል።

"ለሐኪም ቀና ብሎ መናገር ነውር ነው፤" አሉ አቶ ወዳጆ፣ የዶክተሯን ጫማ እያዩ። "እጅ እየነሣሁ ነው።"