ሻሿን ያላወለቀችበት ሳምንት

ረቡዕ ጠዋት ፈድሊያ ለባሏ ቁርስ ያቀረበችው ሻሿን እስከ ግንባሯ አጥብቃ አስራ ነው። ሸኩር ቂጣውን ሊቆርስ እጁን ከዘረጋ በኋላ ቀና ብሎ አያትና እጁን ሰበሰበ።

«እንግዳ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ከማን ነው የምትሸፈኚው?»

ሻይ ቀዳችለት። የምትሸፈነው ከራሱ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አብራቸው የምትኖረው እህቱ ሳሊሀ በር ላይ ቆማ እየሰማች፣ «ፈትቼሻለሁ» ብሏታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሦስተኛው ነው። በፊተኞቹ ሁለት ጊዜያት ሽማግሌ ገብቶ ታርቀዋል፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን በሃይማኖታቸው እንዲያ በቀላሉ መመለስ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ፀጉሯን ያየው ሰው ባዳ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ፍራሿን ይዛ ወደ ሳሊሀ ክፍል ገባች፣ ሲነጋም ሻሽ አሰረች። እሱ ግን ያለውን አያስታውስም።

«ገላና ነው ይሄን ያስተማረሽ» አለና ቂጣውን ሳይነካ ተነሳ።

የነገሩ ሁሉ መድረሻ ገላና ነበር። ገላና ከጅማ እስከ ሸቤ ከተማ አይሱዙ የሚነዳ የድሮ ጓደኛው ነው። ማር ሲያመጣላቸው «ለምን ለኛ ብቻ?» ይላል ሸኩር፤ ሳያመጣ ሲቀር «ለምን ተደበቀ?» ይላል። ስልኳ ሲጠራ የደወለው ገላና ነው፤ ሳይጠራ ሲውል እንዳትደውል ብላ ያስጠነቀቀችው ገላና ነው። በቀደም ከበሩ ጀርባ የወንድ ጃኬት አግኝቶ፣ ማስረጃ ነው ብሎ ሦስት ቀን ትራሱ ሥር አስቀምጦት ነበር። ጃኬቱ የራሱ ነው፤ ኳስ ሲጫወት የለበሰው የቡድኑ ጃኬት።

ሁለቱ ለአንድ የቡና መቀሸሪያ ፋብሪካ የኳስ ቡድን አሥራ አራት ዓመት ጎን ለጎን ተከላካይ ነበሩ። ሸኩርን ሰው «ቴስታ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ሁሉ የሱ ግንባር ስለሚያገኘው። የጅማ ዝናብ የጠጣች የቆዳ ኳስ ምን ያህል እንደምትከብድ የሚያውቅ ያውቃል። አሠልጣኙ ደግሞ በርሜል ውስጥ የተነከረች ኳስ በገመድ ከዛፍ አንጠልጥሎ፣ ከልምምድ በፊት መቶ ጊዜ በግንባር ያስመታቸው ነበር።

ሐሙስ ፈድሊያ ሄርማታ ያለውን የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ፣ መስጊዱ አጠገብ ወደሚኖሩት ሼህ ሄደች። የሆነውን ነገረቻቸው።

«ሲናገር የሚለውን ያውቀዋል?» አሉ ሼሁ።

«በሰዓቱ የሚያውቀው ይመስላል፣ ሼሃችን። ሲያድር ግን የለም።»

«ሐኪም አይቶታል?»

ለስድስት ወር ከማሽኑ መሳቢያ ሥር ደብቃው የቆየችውን ወረቀት አወጣች። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ስለ ኳሱ ጠይቋት ነበር። ሰው ራሱን ባይስት እንኳ፣ ጭንቅላት ላይ ለዓመታት የሚደጋገም ምት አእምሮን ሊጎዳ እንደሚችል፣ መርሳቱ፣ ቁጣውና ጥርጣሬው ከብዙ ዘመን በኋላ ሊመጣ እንደሚችል ነግሯታል። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መፈረም እንደማይችልም አልደበቃትም።

የደበቀችው ወረቀቱን ብቻ አልነበረም። መንገድ ላይ ሰው ሲያስቆማቸው ሸኩር የሰውየው ስም ከጠፋበት ወደሷ ያያል፤ እሷም ፈጠን ብላ «አዲስ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ትላለች። እሱ ከሷ አፍ ተቀብሎ «አዲስ፣ ወንድሜ» ብሎ ያቅፋል። በዚህ መንገድ የሰፈራቸው የቦሳ ኪቶ ሰው ምንም ሳያውቅ ሁለት ዓመት አለፈ።

«አእምሮው ያልነበረ ሰው ቃሉ አይቆጠርም» አሉ ሼሁ። «ግን ራሱን ልጠይቀው ይገባል። አብሮት የተጫወተ ሰውም ይምጣ። አንድ ነገር ደግሞ እወቂ፣ ልጄ፤ ይሄኛው ቃሉ ካልተቆጠረ ሌላውም አይቆጠርም። ውል አይዋዋልም፣ ምስክር አይሆንም። ሰውም ይሰማል።»

ሜዳ ላይ አጠገቡ የነበረው ሰው ገላና ነበር።

ቅዳሜ ሳሊሀ ሸኩርን ይዛው ፈድሊያ ወዳለችበት ወደ ሼሁ ቤት መጣች። ገላና ቀድሞ ደርሶ ነበርና ከመቀመጫው ተነስቶ በኦሮምኛ ሰላም አለው።

«ያ ቴስታ፣ ነጉማ?»

«ደህና ነኝ። መኪናህን ከቤቴ በር ላይ ማቆም ለምን ተውክ?»

«አታቁም ብለኸኝ ነዋ።»

«ትእዛዜን እንዲህ ታከብራለህ አላልኩም ነበር» አለና ሸኩር በፈድሊያና በገላና መካከል ያለችውን ወንበር መርጦ ተቀመጠ።

ሼሁ ገላናን ስለ ጨዋታው ጠየቁት። ገላና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «እኔ ኳስ በጭንቅላት መምታት እፈራ ነበር» አለ። «ረጅም ኳስ ሲመጣ ‹ያንተ ነው› ብዬ እጮሃለሁ፤ እሱ ይዘላል። አንድ ቀን አይደለም፣ አሥራ አራት ዓመት። የተንጠለጠለችውንም ቢሆን፣ አሠልጣኙ ዞር ሲል የኔን መቶ እሱ ነበር የሚመታልኝ። አንዳንዴ ሲጨርስ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋውና እጁን ይዤ እወስደው ነበር። እንስቅበት ነበር፣ ዋላሂ።»

«ሰማችሁ?» አለ ሸኩር፤ ፊቱ በኩራት በርቶ ነበር። «የሱን ድርሻ እኔ መታሁለት። አሁን ደግሞ የኔን ድርሻ ሊወስድ መጣ።»

ገላና ቀና አላለም።

«ሸኩር» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው፣ «ሚስትህን ፈትቼሻለሁ ብለሃታል?»

ሸኩር ገላናን በዓይኑ ጠርዝ አየው። ፈድሊያ ያቺን አስተያየት ታውቃታለች፤ በዚህ ሰው ፊት ማነስን አይፈልግም።

«ብያለሁ። ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ።»

«መቼ?»

 መንገድ ላይ እንደለመደው ወደሷ ዞረ። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ከንፈሯን ብታንቀሳቅስ ይበቃል። ማክሰኞ። ያኔ እሱ በገላና ፊት ሙሉ ሰው እንደሆነ ይወጣል፣ እሷም ፍራሿን ይዛ ከዚያ ቤት ትወጣለች። የማንንም ጃኬት፣ የማንንም ስልክ የማታስረዳበት ቤት ታገኛለች። ይህን ለረጅም ጊዜ አሰበችው፤ ወይም ረጅም መሰላት።

ዓይኗን ወደ ምንጣፉ አወረደች።

ሸኩር ጠበቃት። ኋላ ላይ፣ «የዘነበ ቀን ነው» አለ። «ከአጋሮ ቡድን ጋር የተጫወትን ቀን። ከሜዳ ስመለስ ነገርኳት።»

ያ ጨዋታ ከተደረገ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ገላና ባርኔጣውን ወደ ፊቱ አነሳ። ሼሁ የሐኪሙን ወረቀት አጥፈው ለፈድሊያ መለሱላትና ቃሉ እንደማይቆጠር ተናገሩ። ሳሊሀ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። ሸኩር ምን እንደተወሰነ ማንንም አልጠየቀም፤ ገላና ቀድሞ እንዲወጣ ብቻ ቆሞ ጠበቀ።

ቤት ሲገቡ ፈድሊያ ሻሿን አወለቀች። ፀጉሯ በላብ ከአንገቷ ጋር ተጣብቆ ነበር። ከበሩ ጀርባ ባለው ምስማር፣ ከጃኬቱ ላይ ደርባ ሰቀለችው።

ሸኩር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያት ነበር።

«ሁልጊዜ ትነግሪኛለሽ» አላት። «ዛሬ ዝም አልሽ። እሱ ስላለ ነው?»

ብዙ ቀን ብዙ ነገር ይረሳል፤ ይህን ግን አልረሳም። 

«ራትህን ላምጣ» አለችው።

እሱ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ሻሿን ከጃኬቱ ላይ በጥንቃቄ አነሳና፣ ማስረጃ እንዳገኘ ሰው አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።